ፋይዳችሁን ከመንካታችሁ በፊት የሥራ ማኅደራችሁን አስከፍቱ

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ደሴ ላይ ልጆች ለሚያሳድግ፣ ዕድሜው ከ40 ላለፈ ሰው ነው። ስማችሁ በሥራ ማኅደራችሁ፣ በቀበሌ መታወቂያችሁና በልጆቻችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ካልሆነ ጡረታ እስኪደርስ አትጠብቁ። በየቢሮው ስለ ፋይዳ፣ ማለትም ስለ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው፣ የሚሰጠው ምክር «መጀመሪያ ፋይዳ አውጣ፣ ሌላው በእሱ ይስተካከላል» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ከአሮጌው ወረቀት ተነስቶ ወደ አዲሱ መምጣት ነው የሚያዋጣው። የጡረታ ሕጉ «60 ዓመት ሞላህ» የሚለው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ባስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው። ኋላ መታወቂያ ላይ ሌላ ቀን ብታስጽፉ እሱን አይለውጠውም፤ ሌላ ልዩነት ጨምራችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ።

ማኅደር ማስከፈት ቀላል ነው፤ ለሰው ኃይል አስተዳደር በማመልከቻ ጠይቁና የቅጥር ደብዳቤያችሁን ኮፒ ውሰዱ። ግን ማኅደሩ ላይኖር ይችላል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከማሽኑ ጋር ወረቀቱም ጠፍቷል። እንዲህ ከሆነ ከግቢው ውጭ ያለውን ማስረጃ ፈልጉ። አሠሪው ለጡረታ የራሱን 11 በመቶና ከደመወዛችሁ የቆረጠውን 7 በመቶ በየወሩ ሲያስገባ የሠራተኞች ስም ዝርዝር አብሮ ያቀርባል። ደመወዛችሁ በባንክ ከገባ ስቴትመንት አስወጡና ከዝርዝሩ ጋር ወር በወር አስተያዩ። ከ10 ዓመት በላይ ያለ እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት በአበል ስሌቱ ላይ 1.25 በመቶ ይጨምራል። አንድ ዓመት ከጎደለ ዕድሜ ልክ ይጎድላል።

እኔን ያንገበገበኝ የስም ጉዳይ ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ስም መያዙ ብርቅ አይደለም። አባቴ በቀዬው ይመር ነው፤ በቀበሌ መዝገብ ሙሐመድ። የቅጥር ደብዳቤዬ በይመር ወጣ፤ መታወቂያዬና የልጄ የልደት ምስክር ወረቀት በሙሐመድ። ነገሩ የፊደል ልዩነት ብቻ አይደለም። ባለመብቱ ሲሞት ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላት የአበሉን 20 በመቶ ታገኛለች። በወረቀቶቹ መሠረት ግን ፋብሪካው የሚያውቀው ሰው የእሷ አባት አይደለም። መስኮቱ ላይ የተሰጠኝ መልስ «አንዱን ያሰርዙና ይምጡ» የሚል ነበር። እንዴት ተብሎ ይሰረዛል? አባቴ በሁለቱም ስም ተጠርቶ በሁለቱም «አቤት» ብሏል። አንዱን «የተሳሳተ ነው» ብዬ መፈረም እስካሁንም አልፈልግም።

ደግነቱ መሰረዝ አያስፈልግም። ለፍርድ ቤት የምታቀርቡት አቤቱታ አጻጻፍ ግን ወሳኝ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች የለመዱት «ስሜ እንዲለወጥልኝ» የሚለውን ነው። የእኔንም እንደዚያው ጻፉት። ተወስኖ ጡረታ ክፍል ሳቀርበው «ይሄ ከዛሬ ወዲህ ነው የሚያገለግለው፤ የድሮው ሰውዬ እርስዎ መሆንዎን አያሳይም» ተባልሁ። እንደገና አቤቱታ፣ እንደገና ምስክር፣ እንደገና የመዝገብ ቤት ወረፋ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ የሚነግር ሰው በየትኛውም መስኮት አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቁት «ነገ ይምጡ»ና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» ማለትን ነው። እናንተ ማስጻፍ ያለባችሁ «በሁለቱም ስም የምጠራው እኔው አንድ ሰው መሆኔ ይረጋገጥልኝ» ብላችሁ ነው። ሁለቱም ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ የትኛው በየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ከነቀኑና ከነቁጥሩ ይዘርዘር።

ምስክር ስትመርጡ የሥራ ባልደረባ ብቻ አትውሰዱ። እሱ የሚያውቀው የፋብሪካውን ስም ነው፤ የቀዬው ሰው ደግሞ የቀዬውን። ከቀዬው ወጥቶ ፋብሪካ አብሯችሁ የሠራ ሰው ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። የተረጋገጠ ግልባጭ ለፋብሪካው፣ ለጡረታ፣ ለወሳኝ ኩነትና ለራሳችሁ አንድ አንድ አውጡ። ማኅተሙ የመዝገብ ቁጥሩን አለመሸፈኑን እዚያው ቆማችሁ እዩ፤ የማይነበብ ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለእሱ ብላችሁ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት እንደገና መውጣትና መውረድ ይመጣል።

የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ የፈረንጁን ቀን ራሳችሁ ቁጠሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። ጥር 5 ቀን 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጁ ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው። ጸሐፊው በጥድፊያ 7 ደምሮ 2007 ካለው ልጁ አንድ ዓመት ያረጃል፤ 18 የሚሞላውም ከጊዜው በፊት ነው።

ፋይዳ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የአሥሩ ጣት አሻራ፣ የዓይን ምስልና ፎቶ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ስማችሁ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከወንበሩ ሳትነሱ ፊደል በፊደል አንብቡ። ሙሐመድን አንዱ በ«ኦ»፣ ሌላው በ«ዩ» ይጽፈዋል።

በመጨረሻ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን በጡረታ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ፤ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቱን ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋር አያይዙ፤ መቀበላቸውን በእናንተ ኮፒ ላይ አስፈርሙ። ኮፒው የት እንደተቀመጠ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ አንድ ቀን እሱን ይዘው መስኮቱ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።