ያየሁትን ፊልም «ምኑ ነው ያማረው?» ለሚለኝ ሰው መልስ መስጠት እንዴት እንደለመድኩ

ስለማያቸው ፊልሞች የራሴ የሆነ አስተያየት እንዳልነበረኝ የገባኝ ታናሽ እህቴ በጠየቀችኝ አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። በአውሮፓውያኑ 2019 የወጣውን፣ በ1986 በሶቪየት ኅብረት ስለፈነዳው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚተርከውን «ቼርኖቤል» የተሰኘ ባለ 5 ክፍል ተከታታይ ድራማ ጨርሼ «እጅግ ግሩም ነው» ስላት፣ «ምኑ ነው ግሩም?» አለችኝ። ተዋናዮቹ ብቁ መሆናቸውን፣ ታሪኩም ልብ ሰቅሎ የሚይዝ መሆኑን ነገርኳት፤ ነገር ግን እየተናገርኩ ሳለ ይህ ሁሉ ድራማውን ከማየቴ በፊት ከሌሎች የሰማሁት እንጂ ከራሴ የመነጨ እንዳልሆነ ተሰማኝ። ከአምስት ሰዓት በላይ ተቀምጬ ካየሁት ነገር አንዲት ትዕይንት እንኳ ነጥዬ «ይህን ተመልከቺ» ማለት አልቻልኩም።

በማግስቱ አንድ ደብተር ለዚሁ ጉዳይ መደብኩ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ፊልሙ እንዳለቀ፣ ስልኬን ሳልነካና የማንንም አስተያየት ሳላነብ፣ በአእምሮዬ የቀረውን አንድ ትዕይንት፣ የሰለቸሁበትን ቦታ፣ እንዲሁም በስንት ሰዓትና በምን ሁኔታ ላይ ሆኜ እንዳየሁት እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከ10 ነጥብ እሰጥ ነበር፤ ሆኖም ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ ማሰቤን እንደማቆም ስላስተዋልኩ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ባለፉት ሰባት ወራት በዚህ መንገድ 43 ፊልሞችና 6 ተከታታይ ድራማዎች በደብተሩ ሰፍረዋል።

ብዙ ያስተማረኝ በ1957 የተሠራው የሲድኒ ሉሜት ፊልም «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው። ለፍርድ የተመረጡ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች አባቱን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ወጣት ላይ ብይን ለመስጠት በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚከራከሩበት፣ የ96 ደቂቃ ርዝመት ያለው ሥራ ሲሆን፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ካሜራው ከዚያ ክፍል አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት «ጥሩ ነው፤ እየቆየ ግን ያፍናል፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም» የሚል ነበር። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ስላላስቀመጠችኝ ከሳምንት በኋላ ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ንግግሩ ሲጠፋ ዓይኔ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ቁልቁል ስለሚያያቸው ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹና መስኮቶቹ ሁሉ ይታያሉ፤ ክፍሉም ሰፊ ይመስላል። ወደ መካከሉ ሲደርስ ካሜራው ከዓይናቸው ጋር ይስተካከላል። መጨረሻው ሲቃረብ ግን ከታች ወደ ላይ ያያቸዋል፤ ጣራው ከራሳቸው በላይ ተጭኖ ይታያል፣ ላብ ያቸፈቸፈው ፊታቸውም ስክሪኑን ይሞላዋል። ይህን በደብተሬ ካሰፈርኩ በኋላ ነው ስለ ፊልሙ አሠራር ያነበብኩት፤ ሉሜት የካሜራውን ከፍታ አስቀድሞ አቅዶ በሦስት ደረጃ ዝቅ እንዳደረገው፣ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ እንዲመስልም ቀስ በቀስ ረዘም ያሉ ሌንሶችን እንደተጠቀመ፣ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ግን ተመልካቹ እንዲተነፍስ ብሎ ሰፊ ሌንስ እንደመረጠ ራሱ ጽፎታል።

ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። ከፊልም ትምህርት ቤት ያልወጣሁ ተራ ተመልካች ሆኜ «ያፍናል» ብዬ የጻፍኩት ስሜት ትክክል ነበር፤ መንስኤውም ከዓይኔ ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ «ደስ አለኝ» ወይም «ሰለቸኝ» ብዬ ከጻፍኩ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ቦታው ተመልሼ ስሜቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ሳልፈልግ አላልፍም።

መንስኤው ፊልሙ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜም አለ። የያሱጂሮ ኦዙን «ቶክዮ ስቶሪ» በተመለከተ የመጀመሪያው ማስታወሻዬ «ምንም ነገር አይከሰትም፤ ገና ከመጋመሱ ሰለቸኝ» ይላል። ከጎኑ ደግሞ «እኩለ ሌሊት፣ ከሥራ ደክሜ» የሚል አለ። ይህቺን የጎን ማስታወሻ ባልጽፍ ኖሮ በ1953 የተሠራውን ይህን ፊልም አሰልቺ ነው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ እናገር ነበር። በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት ደግሜ ስከፍተው ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌና ባልቴት ናቸው፤ ልጆቹ ጊዜ ስላጡ በዕረፍት ስም አታሚ ወደሚባል የፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል። ሌሊቱን በሙሉ በሌሎች እንግዶች ጫጫታ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ያነጋሉ፤ ጠዋት ባሕሩ ዳር ባለው ግንብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ቤታችን እንመለስ ይባባላሉ። ሊሄዱ ሲሉ እናትየው ለመነሳት ትሞክርና ራሷን ያዞራታል፤ ለአፍታ እጇን መሬት ላይ ትደግፋለች። ሙዚቃ ከፍ አይልም፣ ካሜራውም ወደ ፊቷ አይጠጋም። በዚያች ጠዋት እናቴን ደወልኩላት።

በ«ቼርኖቤል» ላይ ያለኝ አስተያየት ደግሞ በደብተሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ኡላና ኮምዩክ የተባለችው ሳይንቲስት በእውኑ ያልነበረች፣ ብዙ ተመራማሪዎችን እንድትወክል የተፈጠረች ገጸ ባሕርይ መሆኗን ድራማው ራሱ መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ ይህን ያለ ቅሬታ ተቀብያለሁ። አደጋውን ከመረመሩት አንዱ የሆነው እውነተኛው ሳይንቲስት ቫለሪ ሌጋሶቭም በ5ኛው ክፍል እንደምናየው በ1987ቱ የማመንጫው ኃላፊዎች የፍርድ ሂደት ላይ ቆሞ አልተናገረም። መጀመሪያ የተታለልኩ ያህል ተናድጄ ነበር፤ ነገር ግን የኑክሌር ማብላያው እንዴት እንደፈነዳ በቀይና በሰማያዊ ካርዶች እያስረዳ የሚሄድበት ያ ትዕይንት፣ ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ስለሚያስጨብጥ ይቅር ብየዋለሁ። ይቅር ያላልኩት የሄሊኮፕተሩን አደጋ ነው። ድራማው ከፍንዳታው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ስላስገባው እኔ ጨረሩ የጣለው መስሎኝ ነበር፤ በእውነት የሆነው ግን ወራት ቆይቶ በጥቅምት 1986 ሲሆን፣ ሄሊኮፕተሩ የወደቀው ከክሬን ገመድ ጋር ተጋጭቶ ነው። የጊዜ ለውጡ የአደጋውን ምክንያት በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ከቀየረ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ድንበር ታልፏል። አሁን በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነገር ሳይ ፊልሙን ከፊልምነቱ አንጻር በአንድ ገጽ፣ ከታሪኩ አንጻር ደግሞ በሌላ ገጽ እጽፋለሁ።

ተከታታይ ድራማን በተመለከተ ያደረግሁት ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ማስተካከያውን አጠፋሁት። በአንድ ምሽት ሦስት ክፍል ያየሁባቸው ቀናት ማስታወሻዎች እርስ በርስ ተደባልቀው ምንም አይነግሩኝም፤ በቀን አንድ ያየሁባቸው ግን እስከ ዛሬ ሥዕሉን ይመልሱልኛል።

እህቴ አሁን ከእኔ ጋር ማየት ጀምራለች። በቅርቡ በ2020 በምርጥ ፊልም ዘርፍ ኦስካር በማሸነፍ ከእንግሊዝኛ ውጭ ካሉ ፊልሞች የመጀመሪያ የሆነውን የቦንግ ጁን ሆን «ፓራሳይት» አየን። ዝናው ቀድሞ ስለደረሰኝ ብዙ ጠብቄ ነበር፤ የመጀመሪያ ማስታወሻዬም ቀዝቃዛ ነው። በዝናቡ ሌሊት በባለጸጎች ቤት ተቀጥሮ የሚሠራው ድሃ ቤተሰብ ከዚያ ቤት ወጥቶ በደረጃ ላይ ደረጃ ቁልቁል ሲሮጥ፣ ጎርፉም አብሯቸው ወደዚያው ወደ ታች እንደሚወርድ ያሳየችኝ እርሷ ናት። ስለ መጨረሻው ግን አልተስማማንም። ልጁ አንድ ቀን ያን ትልቅ ቤት እንደሚገዛው ለአባቱ በደብዳቤ ሲገልጽ፣ እርሷ ተስፋ ነው ትላለች። እኔ ካሜራው ፊልሙ በተጀመረበት በዚያው ከመሬት በታች ባለ ክፍል መስኮት ላይ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቁልቁል እየወረደ መጨረሱን ጠቅሼ ተስፋ እንደሌለው ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና «እስቲ የልጁን ፊት ደግመን እንየው» አለች። ቅዳሜ ልናየው ቀጠሮ ይዘናል።