እናቴ በማይሰማው ጆሮዬ ጸለየች

ይህን ምስክርነት በኅብረታችን ፊት ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ ልቅሶ አቋርጦኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ጌታ ያደረገልኝ ነገር እኔ ጋ ብቻ እንዲቀር አልፈልግም።

የምኖረው በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ባለቤቴ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን አዮዋና ነብራስካ ላይ ያሳልፋል። እኔ የሙዚቃ መምህርት ነኝ። በዚህ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ሲደርሱ መሣሪያ ይመርጣሉ፤ ክላሪኔት፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ፍሉት፣ ከበሮ። በመስከረም ክላሪኔቱን መገጣጠም የማይችል ልጅ በታኅሣሥ ወላጆቹ ፊት ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ያንን ለማየት ስል ነው ይህን ሥራ የምወደው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ ይነፋል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ከስድሳው መካከል ቢ ፍላት መንፋት ሲገባው ቢ የነፋው የትኛው እንደሆነ በጆሮዬ ለይቶ ማግኘት ነው። እጄ ቢታመም፣ ድምፄ ቢዘጋ አስተምራለሁ። ያለ ጆሮ ግን አልችልም።

ጆሮዬን የሠራልኝ አባቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የመዘምራን መሪ ነበር። በደርግ ዘመን የሙሉ ወንጌልን ጨምሮ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ መዘምራኑ ልምምድ የሚያደርጉት እኛ ሳሎን ውስጥ ነበር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ ከዚያ አራት ድምፅ ሆነው በሹክሹክታ ይዘምራሉ። እኔ ሕፃን ነኝ፤ እናቴ ጉያ ውስጥ ሆኜ የአባቴን ድምፅ ከሌሎቹ ለይቼ እፈልጋለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ ተደርጎ የሚዘመር መዝሙር ጆሮን እንዴት እንደሚስል የሚያውቀው በዚያ ያለፈ ብቻ ነው። በኋላ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከዚያ ዲቪ ደረሰን። ሚኒሶታ ስደርስ የገባሁት የዘማሪዎች አገር ነበር። የኖርዌይና የጀርመን ሉተራኖች መዝሙራቸውን ይዘው መጥተው የሰፈሩበት ምድር ነው፤ ኖርዝፊልድ ያለውን የሴንት ኦላፍ ኮሌጅ መዘምራን ከኖርዌይ የመጣው ክርስቲያንሰን በ1912 እ.ኤ.አ. ነው የመሠረተው። ይህን በስልክ ስነግረው አባቴ፣ «እንግዲያውስ ጌታ ቤትሽ ወስዶሻል» አለኝ።

አባቴ በ2015 እ.ኤ.አ. አረፈ። መርዶውን የሰማሁት የተማሪዎቼ ኮንሰርት በሚካሄድበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ለማንም ሳልናገር መድረክ ላይ ወጥቼ መራኋቸው፤ በማግሥቱ ተሳፈርኩ፤ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙር ከአፌ አልወጣም። እንደ ሥራ ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ እንደ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ዝማሬ ሲጀመር ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል። ከኅብረቱ መዘምራን የወጣሁት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ነበር። እውነቱን የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ነግሬያት አይደለም።

በጥር ወር 2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያ የታወቀው ቅዝቃዜ መጣ። ጥር 30 ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ተመዘገበ፤ በእኛ ሴልሺየስ 33 ገደማ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ። የዚያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ግራ ጆሮዬ የለም። አልታመመኝም። በሩ ተዘግቶ ከበሩ ኋላ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ይመስል እም የሚል ድምፅ ብቻ አለ። ልጄ በግራዬ መጥታ ጠርታኝ ዝም አልኳት። ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር። ዋዜማውን አያቷን በስልክ በአማርኛ አላናግርም ብላ ተጣልተን ነበርና ያኮረፍኩ መሰላት። እግሯን መሬት እየመታች ወጣች። እኔ መጥታ እንደነበር እንኳ አላወቅኩም።

የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮዬን በመብራት አይቶ፣ «ጉንፋን ያመጣው ፈሳሽ ነው፣ በራሱ ይጠፋል» ብሎ ለአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። አመንኩ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ በተማሪዎቼ ባንድ ፊት ስቆም ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። በግራ በኩል የሚቀመጡት የትሮምቦን ልጆች ጉንጫቸው ይነፋል፣ እጃቸው ይንሸራተታል፣ ድምፅ ግን የለም። አንድ ልጅ ሲጠራኝ ከየት እንደሆነ አጥቼ እንደ ሞኝ ዞር ዞር እላለሁ። ከክፍል ወጥቼ የመሣሪያ ማስቀመጫው ውስጥ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ማታ ኅብረታችን በስልክ መስመር የሚያደርገው ጸሎት ነበር። ስለ ጆሮዬ እንዲጸልዩ ጠየቅኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ ነርስ የሆነች አንዲት እህት ለብቻዬ ደወለችልኝ።

«እስቲ አፍሽን ገጥመሽ እም በይ» አለችኝ። «ድምፁ በየትኛው ጆሮ ነው የሚሰማሽ?»

«በደህናው።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። «ፈሳሽ ወይም ኩክ ቢሆን ድምፁ ወደተደፈነው ጆሮ ነበር የሚሄደው። ይሄ የነርቭ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ፤ ቀጠሮ የለም ካሉሽ በሩ ላይ ተቀመጪ። ይሄ ቀን የሚቆጠርበት ሕመም ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ከመሳቢያዬ ስትመታ ላ የሚባለውን ኖታ የምትሰጠውን ሁለት ጣት ያላትን ብረት አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ መትቼ እግሯን ግንባሬ መሐል አቆምኳት። ድምፁ ሮጦ ወደ ቀኝ ሄደ። ይህችን ብረት ለዓመታት ለልጆች ድምፅ ስሰጥባት ኖሬ፣ ስለ ራሴ ይህን መናገር እንደምትችል አላውቅም ነበር። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለዚህም ጭምር ነው፦ አንድ ጆሮአችሁ ድንገት ቢዘጋ፣ ሳይታመም ቢጠፋ፣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ያቺን እህት በዚያች ሌሊት ያስነሣት ጌታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐኪሙ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መረመረኝ። በምርመራው ወረቀት ላይ የቀኙ ጆሮ መስመር ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የግራው ከ70 ዴሲቤል በታች ወድቋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስማት ይቀንሳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንደማይታወቅ፣ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢጀመር እንደሚሻል፣ የሚመለስለትም የማይመለስለትም እንዳለ ነገረኝ። እኔ ሳልታከም ሰባት ቀን ሞልቶኝ ነበር። በየጠዋቱ 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶን ታዘዘልኝ፤ በኋላም በታምቡሩ በኩል መርፌ ተወጋሁ። ዕጢ እንዳይሆን ኤምአርአይ ተነሣሁ። ውጤቱን የጠበቅኩባቸውን ሦስት ቀናት ባለቤቴ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ሌሊት ሌሊት አብሮኝ ጸለየ፤ መንገድ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም እየሰማሁት። ዕጢ አልነበረም። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና ሰማች። ምንም ባስረዳት ስለ ነርቭ መስማት አልፈለገችም። «ስልኩን ወደ ደንቆሮው ጆሮሽ አድርጊው» አለችኝ።

«እማዬ፣ በእሱ እኮ አልሰማሽም።»

«አንቺን አይደለም የማናግረው።»

እንግዲህ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት፣ እሷ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በቫይበር ትደውላለች። ወጥ ቤት ቆሜ ስልኩን ግራ ጆሮዬ ላይ እይዛለሁ። ምንም አይሰማኝም። ዓይኔን ጨፍኜ በማርቆስ ወንጌል ያለውን ደንቆሮ አስባለሁ፤ ኢየሱስ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶት፣ ጣቶቹን በጆሮቹ አግብቶ፣ ወደ ሰማይ አይቶ ቃተተና «ኤፍታህ»፣ ማለትም «ተከፈት»፣ ያለውን። ስታነበው የምታልፈው ያ መቃተት ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነብኝ። ጌታ ለአንድ ሰው ጆሮ ቃትቷል። ከዚያ ስልኩ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ጸሎቱ ማለቁን ስገምት፣ ወደ ቀኝ አዙሬ «አሜን እማዬ» እላለሁ።

ሐኪሙ እንደነገረኝ እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ተስፋው ይጠብ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው ገባ። በአንዱ ጠዋት እንደ ልማዴ ስልኩን ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ትንኝ በሩቅ እንደምትበር ያለ ቀጭን ነገር መጣ። ትንፋሼን ያዝኩ። ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። የእናቴ ነው። እናቴ ስትጸልይ ድምፅዋ መጨረሻ ላይ እንደሚወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በማግሥቱ ቃል ሆነ። መጀመሪያ የለየሁት ቃል «ዝማሬዋን» የሚል ነበር።

«ዝማሬዋን መልስላት። ዝማሬዋን መልስላት፣ ጌታዬ።»

እውነቱን ልናገር፤ ደነገጥኩ፣ ተቆጣሁም። እኔ ጆሮ እያጣሁ፣ እንጀራዬ እየተቆረጠ፣ እሷ ስለ ዝማሬ ነው የምትለምነው? ስልኩን አውርጄ ዞር ስል ልጄ ጠረጴዛው ላይ ቁርሷን ትበላለች። ፊቴን አየችው።

«በየቀኑ እንደዚያ ነው የምትለው» አለችኝ። በአማርኛ።

እናቴ ስልክ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምትናገረው። እኔ ያልሰማሁትን ጸሎት ሁሉ፣ አማርኛ አልናገርም ያለችው ልጄ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ በየጠዋቱ ስትሰማ ከርማለች። ቃል በቃል ታውቀዋለች። አያቷ ስሟን እየጠራች እንደምትባርካትም ነገረችኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷም መጥታ በግራዬ ቆመች።

ጆሮው ሲመለስ ግን ጤነኛ ሆኖ አልተመለሰም። ተጣሞ ነው የተመለሰው። ያንኑ ላ በቀኝ ስሰማው ላ ነው፤ በግራ ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዝቅ ብሏል። አንዲት ፍሉት ሁለት ሆና ትጣላለች። ደንቆሮ ከመሆን የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የትኛው ልጅ እንደሳተ ሳይሆን የሳተው ማን እንደሆነ፣ እኔ ልሁን ልጁ፣ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ጣታቸውንና ከንፈራቸውን እያየሁ ነበር የማስተምረው።

ልጄ ቫዮሊን ትጫወታለች። ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን እሷ ላ ትስባለች፣ እኔ የትኛው ጆሮ እውነት እንደሚናገር እፈልጋለሁ። በማዳመጥ ብቻ አልሆነም። ድምፁን በራሴ አፍ ካላወጣሁት፣ በአጥንቴ ውስጥ ካልሰማሁት፣ ቦታውን ላገኘው አልቻልኩም። ስለዚህ ዘፈንኩት፤ አንዲት ላ። ድምፄ ሻክሮ፣ ተሰንጥቆ ወጣ። አራት ዓመት ሊሆነው ነበር ድምፅ ካወጣሁ። በማግሥቱም፣ በሚቀጥለውም። በመጋቢት አንድ ማታ ያቺ ላ ሳላስበው የአባቴ መዝሙር መጀመሪያ ሆነች፤ ብርድ ልብሱ ተሰቅሎ ሳለ በሹክሹክታ የሚዘምሩት። እስከ መጨረሻው ዘመርኩት። ልጄ ቀስቷን አላነሣችም፤ ዜማውን እየተከተለች በዝግታ አብራኝ ሄደች።

ያን ጊዜ ነው እናቴ የለመነችው የገባኝ።

በሚያዝያ ሁለቱ ላዎች ተገናኙ። የግራው መስመር በዝቅተኛና በመካከለኛው ድምፅ ወደ 25 ዴሲቤል ወጣ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ይሁን በራሱ ይሁን ማረጋገጥ እንደማይችል በቅንነት ነገረኝ። መድኃኒቱንም ያቺን ነርስም የላከልኝ አንድ ስለሆነ እኔ አልከራከርም። በግንቦት ከልጆቼ ጋር ኮንሰርቱን አቀረብን፤ የትሮምቦኖቹን ድምፅ ሁሉ ሰማሁ፣ አንደኛው ግማሽ ምት ቀድሞ መግባቱን ጭምር። በቀጣዩ እሑድ በኅብረታችን መዘምራን ውስጥ ቆምኩ፤ ልጄ የፊት ወንበር ላይ ሆና ስልኩን ወደ እኛ ይዛ አያቷን አሰማቻት።

የላይኛው ድምፅ እስካሁን በግራ በኩል ጎደሎ ነው፤ ፒኮሎ የምትባለው ትንሿ ፍሉት ስታፏጭ አየሩ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ለእሱም እየጸለይን ነው። እናቴ ዛሬም ትደውላለች፤ እኔም ስልኩን ወደ ግራ ጆሮዬ አደርገዋለሁ።