እስልምናን በጽንፈኞች ወንጀል ስለመውቀስ

በእኛ ሰፈር በቂርቆስ ይህ ክርክር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አያውቅም። ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሰየመው ቡድን በሊቢያ 30 ገደማ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየውን ቪዲዮ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ባሰራጨ ጊዜ፣ ከሟቾቹ ሁለቱ የዚህ ሰፈር ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እስልምና የዓመፅ ምንጭ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ ይለወጣል። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የምጽፈውም ሐዘኑን ሳልረሳ ነው።

«ነገሩ ከሃይማኖት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም» የሚለው የተለመደ መልስ አያረካኝም። ገዳዮቹ ሟቾቹን የመረጡት በእምነታቸው ምክንያት መሆኑን በገዛ አንደበታቸው ተናግረዋል፤ እኛ ምክንያቱ ሌላ ነው ብለን ብናልፈው ለሟቾቹ እውነቱን መንፈግ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዘወትር ለሚሟገተኝ ወዳጄ ጽንፈኞቹ ከቁርዓንና ከሐዲስ እንደሚጠቅሱ፣ ጥቅሶቹንም ራሳቸው እንዳልፈጠሯቸው አምንለታለሁ። የምንለያየው እርሱ ከዚህ ተነሥቶ እምነቱ ራሱ ገዳይ ያፈራል ወደሚል ድምዳሜ ሲሻገር ነው።

እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሃይማኖቱን ይበልጥ የተማረ ሰው ይበልጥ አደገኛ መሆን ነበረበት። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በአፍሪካ የታጠቁ ጽንፈኛ ቡድኖችን በፈቃዳቸው የተቀላቀሉ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ከተጠየቁት 51 በመቶው የተቀላቀሉበት አንዱ ምክንያት ሃይማኖት እንደሆነ ተናግረዋል፤ ወዳጄ ይህን ቁጥር ቢይዝ እውነት አለው። ነገር ግን 57 በመቶው የሃይማኖቱን መጻሕፍት በጥቂቱ ብቻ እንደሚረዱ ወይም ጭራሽ እንደማይረዱ አምነዋል፤ ቢያንስ ስድስት ዓመት የሃይማኖት ትምህርት መማር ደግሞ የመቀላቀልን ዕድል እስከ 32 በመቶ ይቀንስ ነበር። ወደ ውሳኔው የገፋቸው የመጨረሻው ክስተት ምን እንደነበር ሲጠየቁ 71 በመቶው የጠቀሱት የመንግሥትን እርምጃ፣ ለምሳሌ የዘመድ ወይም የወዳጅ መገደልን ወይም መታሰርን ነበር። ይህን ሳነብ የሚታየኝ በመድረሳ ለዓመታት ቁጭ ብሎ የተማረ ደረሳ ሳይሆን፣ ቂም ይዞ የወጣና ለቂሙ የተቀደሰ ስም የተሰጠው ወጣት ነው። ሃይማኖቱ ጥላቻውን አልወለደውም፤ ፈቃድ ሊሰጠው ግን ተጠርቷል።

ሟቾቹም እነማን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2017 በሞቃዲሾ መገናኛ መንገድ ላይ የፈነዳው ፈንጂ የጫነ ከባድ መኪና ከ580 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ነዋሪዋ ሁሉ ማለት ይቻላል ሙስሊም በሆነባት ከተማ። ይህም አዲስ አይደለም። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅና አማች የሆኑት ዐሊይ እ.ኤ.አ. በ661 የተገደሉት ከእነርሱ የተለየውን ሙስሊም ሁሉ ከሃዲ ይሉ ከነበሩት ከኸዋሪጆች ወገን በሆነ ሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ120 በላይ ዑለሞች (የእስልምና ሊቃውንት) የ«እስላማዊ መንግሥት» መሪ ለነበረው ለአል ባግዳዲ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ድርጊቱን በሃይማኖቱ በራሱ ሕግ ነጥብ በነጥብ ሲሞግቱት፣ ከዚህ ጥንታዊ በሽታ ጋር የቆየ ትግላቸውን መቀጠላቸው ነበር። (የነጃሺን ታሪክ እዚህ መጥቀስ ይቀናናል፤ ነገር ግን የ7ኛው ክፍለ ዘመን ደግነት ለዛሬው ጥያቄ በቂ መልስ አይመስለኝም።)

ወዳጄ «ታዲያ ዛሬ በሃይማኖት ስም የሚገድሉት ታጣቂዎች ለምን በብዛት የእስልምናን ስም ይይዛሉ?» ሲለኝ ጥያቄውን አልሸሸውም። የበቀሉበትን ቦታ ግን እይ እለዋለሁ፦ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረሰባት ሶማሊያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወረራ በኋላ በተበተነችው ኢራቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 በኋላ ሁለት ሦስት አገዛዝ በተከፋፈላት ሊቢያ። በየትኛውም ቦታ አስቀድሞ የፈረሰው ሕግና ሥርዓት ነው። በሕዝብ ብዛት ከሙስሊም አገሮች ግንባር ቀደም በሆነችው በኢንዶኔዥያም ሆነ በሴኔጋል ያው ቁርዓን ይቀራል፤ አገሮቹ ግን ሶማሊያን አልሆኑም።

የጅምላ ወቀሳው በእኛም አገር ጉዳት አድርሷል። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የሙስሊሞች ተቃውሞ በአንዋር መስጊድ አርብ አርብ በሰላም ሲካሄድ የቆየ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥት የተወካዮቹን ኮሚቴ በፀረ ሽብር ሕጉ ከስሶ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጡ አድርጓል። ያ የሊቢያው ግድያ የተፈጸመበት ዓመት መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል፤ በሰላም የሚጠይቅን ሰው ሽብርተኛ ብሎ ማሰር ለጽንፈኛው ሰባኪ ማስረጃ ማቀበል ነው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሼኽ ቀብር ላይ በተነሣ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ወንጌልን ተጠያቂ ያደረገ ክርስቲያን አልሰማሁም፤ ማንም ሙስሊም ጎረቤትም እኔን መልስ አልጠየቀኝም። በቂርቆሱ ሐዘን ግን ድንኳን ሲተክሉ ያደሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «እናንተ ምን ትላላችሁ?» እየተባሉ ተጠይቀዋል። ወዳጄ አሁንም ዑለሞች ወጣቱን ከሐሰተኛ ሰባኪ የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው ይላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ከሞጣ ቃጠሎ ማግስት በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ነገሩን ሳያነሡት ያለፉ የእኛ ሰባክያን ካሉ፣ እነርሱም በዚያው ሚዛን እንዲመዘኑ እፈልጋለሁ።