በሁለተኛው ቀን፣ ወደ እናት ቤት

ጓንዡ ስድስት ዓመት ስኖር የቻይና አዲስ ዓመት ሁሌም ቤት ተቀምጬ ነው የሚያልፈው። በ2016 ዓ.ም. ግን ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ሁናን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ጂያንግዮንግ የምትባል ወረዳ አለች። ሴቶች ብቻ ይጽፉበት የነበረው ኑሹ የተባለው ፊደል የተገኘው እዚያ ነው። እሱን ለማየት ነበር ጉጉቴ።

ቀኑን ልብ አላልኩም። የካቲት 3 ነበር፤ ለእነሱ የበዓሉ ሁለተኛ ቀን። ያገቡ ሴቶች ወላጆቻቸው ቤት የሚሄዱበት ቀን ማለት ነው። እስከ ጎንግቸንግ በፈጣኑ ባቡር ሄድኩ። ከዚያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግን አይረሳኝም። ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ በእግር መሃል የካርቶን ወተት። ስጦታው ጥንድ ጥንድ ነው፤ ነጠላ ይዞ መሄድ አይወደድም። አጠገቤ ለተቀመጠችው ወጣት እናቷ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች። የሚያወሩት በአካባቢያቸው ቋንቋ ስለሆነ አንድም ቃል አልያዝኩም። «የት ደረሳችሁ?» እንደምትላት ግን ገባኝ።

ቻይናዎች ያገባች ሴት የተወለደችበትን ቤት «ኒያንግጃ» ይሉታል፤ የእናት ቤት ማለት ነው። «የተዳረች ልጅ የተደፋ ውሃ ናት» የሚል ተረትም አላቸው። የድሮው ሥርዓት በዚሁ ተረት የሚሄድ ነበር። ስትሞት ስሟ የሚቀመጠው ከባሏ ቤተሰብ ሙታን ጋር ነው። ለገዛ አባቷ የምትይዘው ሐዘን እንኳ፣ ካገባች፣ ከሦስት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ይወርድ ነበር። ይህን መጀመሪያ ስሰማ በጣም ተናድጄ ነበር።

ጂያንግዮንግ የደረስኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በስልክ ያስያዝኩት ሆቴል ፓስፖርቴን ሲያይ «የውጭ ዜጋ አንቀበልም» አለኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በጣም ከፋኝ። ፊት ለፊት ኑድል የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ትኩስ ሾርባ ሰጥታ አስቀመጠችኝና ሦስት ቦታ ደወለች። ከዚያ ሱቋን ዘግታ፣ ሃያ ደቂቃ በእግር ወስዳ የሚቀበለኝ ቤት አደረሰችኝ።

እሷም በጠዋት እናቷ ቤት ሄዳ፣ ሳይመሽ የተመለሰች ናት። ከራት በፊት መመለስ የድሮ ወግ ነው አለችኝ። ስለተደፋው ውሃ ጠየቅኳት። «የእናቴን መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ» አለች። ስለ አጎትም ነገረችኝ። የእናት ወንድም ትልቅ እንግዳ ነው። ያገባች ሴት ስትሞት፣ የእናቷ ቤት ሰዎች መጥተው ሬሳዋን ሳያዩ የሬሳ ሣጥኑ በሚስማር አይመታም ነበር። በደል ደርሶባት እንደሆነ የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። ቁጣዬ በረድ አለልኝ። ስንለያይ ከእናቷ ጓሮ የመጣ አንድ ትልቅ ፖሜሎ፣ ብርቱካን መሰል ፍሬ፣ እጄ ላይ አስቀመጠች። ገንዘብ አልቀበልም አለች።

በማግስቱ የታክሲው ሾፌር ፑዌይ መንደር ለመውሰድ 120 ዩዋን አስከፈለኝ። ስመለስ በ40 መጣሁ። አሁንም ያናድደኛል።

ፑዌይ በወንዝ የተከበበች ናት፤ በተንጠልጣይ ድልድይ ይገባባታል። ሙዚየሙ ውስጥ «የሦስተኛ ቀን መጽሐፍ» የሚባለውን አየሁ። በጨርቅ የተለበጠች ትንሽ ደብተር ናት። ሙሽራዋ በተዳረች በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ቤት ይላክላታል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እህቶቿና ጓደኞቿ ይጽፉባቸዋል፤ ምርቃት አለ፣ የመለያየት እንባ አለ፣ ወንድ ሆነን በተወለድን ኖሮ የሚል ቁጭት አለ። ፊደሉ ቀጭንና ዘመም ያለ ነው። እንደኛ ፊደል ድምፅን ነው የሚጽፈው። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴቶች እርስ በርስ ተማምረው አቆዩት። አቀላጥፋ ትጽፈው ነበር የምትባለው ያንግ ኋንዪ እ.ኤ.አ. በ2004 አረፈች።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ራሷ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። እኛ መልስ የምንለው ነው! አዲስ አበባ፣ በመልሴ ቀን፣ እናቴ በር ላይ ቆማ እጄን አልለቅ ያለችው ታወሰኝ። የዚህ አካባቢ ሙሽሮች ግን ድሮ እስኪያረግዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እናታቸው ቤት ይቆዩ ነበር። በጣም ቀናሁባቸው።

ብዙዎቹ ደብተሮች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረዋል ወይም ተቃጥለዋል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው የኋላ ገጾቿ ባዶ ናቸው። ሙሽራዋ ራሷ እንድትጽፍባቸው የተተዉ ናቸው። የጥልፍ ክርም የሚቀመጠው በገጾቹ መሃል ነበር። እዚያው ብዙ ቆየሁ።

ፖሜሎውን የላጥኩት ባቡር ውስጥ ነው። ብቻዬን አልጨርሰውም፤ ግማሹን አጠገቤ ለተቀመጠችው ሰጠኋት። እሷም ከላስቲክ ውስጥ እናቷ የቀቀለችላትን እንቁላል አወጣችልኝ።