የመጨረሻው ኬማርት ሳይዘጋ

ሰው ወደ ሃምፕተንስ፣ ወደ ኒው ዮርክ ሀብታሞች የባሕር ዳር መንደሮች፣ የሚሄደው ባሕር ለማየት ነው። ወይ ሀብታም ለማየት። ካልሆነም ሀብታም መስሎ ለመታየት። እኔ የሄድኩት ርካሽ ሱቅ ፍለጋ ነው። ኬማርት በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው የርካሽ ዕቃ መደብር ነው፤ በኦክቶበር 2024 በአሜሪካ ዋና ምድር የቀረው የመጨረሻው ትልቅ ኬማርት ሊዘጋ ነው ተባለ። ያለውም ሎንግ አይላንድ ጫፍ አካባቢ፣ ብሪጅሃምፕተን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው።

«ለፎጣ ነው ኒው ዮርክ ድረስ የምትሄጂው?» አለኝ ባለቤቴ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከቨርጂኒያ ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ነው፤ እንቅልፍም ትራፊክም ነበር፣ ሌላ የሚወራ የለውም። ከፔን ስቴሽን ባቡር ያዝኩ። ጃማይካ የሚባል ጣቢያ ላይ ወርዶ መቀየር አለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየሳሳ፣ ዛፉ እየበዛ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይኬዳል።

ያደርኩበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም። የበጋው ወቅት ስላለፈ ርካሽ ነው ተብዬ 240 ዶላር ከፈልኩ። ርካሹ ይሄ ከሆነ ውዱን አያሳየኝ። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ቧንቧውን ሲያንኳኳ አደረ። እንዳላጠፋው ብርድ ነው፣ እንዳልተወው እንቅልፍ የለም። ጠዋት ደረሰኙን ሳየው «አገልግሎት» የሚል 35 ዶላር ተጨምሮበታል።

«የምን አገልግሎት ነው?» አልኩት ልጁን።

«የመዋኛ ገንዳው።»

ገንዳው በመስኮት ይታየኛል። በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ቅጠል ረግፎበታል። አገር ቤት ቢሆን ሥራ አስኪያጁ ይጠራልኝ ብዬ ሎቢው ውስጥ ቁጭ እል ነበር። እዚያ ግን ከልጁና ከቡና ማሽኑ በቀር ሰው የለም። ከፍዬ ወጣሁ።

ጠዋት ያ አካባቢ ሌላ ገጽታ አለው። መንገዱ ጢም ብሎ የሚሞላው በሠራተኛ መኪና ነው። ቧንቧ ሠሪው፣ ሣር አጫጁ፣ ቀለም ቀቢው፣ ቤት አጽጂዋ፣ እዚያ ቤት መከራየት የማይችለው ሁሉ ከሩቅ እየመጣ ይሠራል። የእግረኛ መንገዱ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል። ዳር ዳሩን ሣር ሣሩን ስሄድ አንዲት ሴት አሮጌ ቫን አቆመችልኝ።

«ኬማርት ነው? ግቢ።»

ከኢኳዶር ናት፤ ቤት ታጸዳለች። ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከዚያ ሱቅ በተገዛ ልብስ ነው። አሁን ለአንድ ካልሲ ሪቨርሄድ ድረስ ልነዳ ነው አለችኝ። ሪቨርሄድ የሚባለው ከተማ የኬማርት ተፎካካሪዎቹ ዋልማርትም ታርጌትም አሉ፤ ግን ቅርብ አይደለም። ብሪጅሃምፕተን ራሷማ የሚያማምሩ ሱቆች አሏት፣ ችግሩ ካልሲ አይሸጡም። ከሸጡም ዋጋው የጫማ ነው። ስወርድ አምስት ዶላር ለቤንዚን ብላት ተቆጣች። በዚህ በኩል ሐበሻ ናት።

ሱቁ ግማሹ ባዶ ነበር። የኋላው ክፍል በገመድ ታጥሯል፣ መደርደሪያው ራሱ ዋጋ ተለጥፎበታል። ጥቂት ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ግን ቀጥታ ወደ ኋላ ነው የሄድኩት። የሌይአዌይ ባንኮኒ ሁልጊዜ ኋላ ነበር የሚባል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አለ።

ሌይአዌይ ማለት እንዲህ ነው። ዕቃ ትመርጫለሽ፣ ትንሽ ቀብድ ትከፍያለሽ፣ እነሱ ስምሽን ጽፈው መጋዘን ያስቀምጡልሻል። በየሁለት ሳምንቱ ደሞዝ ሲገባ ትከፍያለሽ። ሲያልቅ ትወስጃለሽ። ወለድ የለውም። ዘጠናዎቹ ውስጥ ሰሜን ቨርጂኒያ አክስቴ ጋ ስመጣ፣ እሷ ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ክሬዲት ካርድ አይሆንላትም። «የበላሁትን ረስቼ የምከፍለው ነገር አልወድም» ትላለች።

የመጀመሪያ ካፖርቴ ቡኒ ነው። ኦገስት ላይ፣ ላብ እያጠመቀኝ አስለካችኝ። ከዚያ ለመክፈል በሄድን ቁጥር «አምጡልኝ ልየው» ትላለች። ሠራተኛዋ ገብታ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ፣ ቢጫ ወረቀቱ በስቴፕለር እንደተመታበት ታመጣዋለች። አክስቴ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጋ እጅጌውን ትዳስሳለች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። «በሉ መልሱት» ትላለች። እኔ ኀፍረት ሊገድለኝ ነው። ሠራተኛዋ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችም።

መርካቶ ዕቃ ዳስሰሽ ካልገዛሽ ነጋዴው ይቀየምሻል። «ካልገዛሽ ምን አስነካሽ!» እኔ ደግሞ ቶሎ መወሰን የማልችል ሰው ነኝ። ኬማርት ሁለት ሰዓት ስዞር ማንም ምን ፈለግሽ አላለኝም። አሜሪካን የወደድኩት መጀመሪያ በዚህ ነው፣ ምርጫ ምናምን በኋላ የመጣ ነው።

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲኖር ደግሞ ሻንጣው የሚሞላው እዚያ ነበር። የልጆች እግር ወረቀት ላይ በእርሳስ ተስሎ በፖስታ ይመጣል። አክስቴ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጣ፣ መተላለፊያው መሃል ቆማ፣ ጫማው ውስጥ እየከተተች ትለካለች። ትንሽ ካልተረፈ አትገዛም። ልጅ ያድጋል፣ ሻንጣ ደግሞ ቶሎ አይሄድም።

መጨረሻው እንዲህ መሆኑ ይገርማል፤ አጀማመሩ ትንሽ አልነበረም። ክሬስጌ የሚባለው የሳንቲም ዕቃ መደብር ነው የወለደው። የመጀመሪያው ኬማርት በማርች 1962 ሚሺጋን ውስጥ ጋርደን ሲቲ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ታርጌትም ዋልማርትም ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ትልቁ ኬማርት ነበር፤ ከ2,000 በላይ ሱቆች ነበሩት። ከ1965 ጀምሮ የሚታወቅበት ሰማያዊ መብራትም ነበረው። ሱቁ ውስጥ አንድ ቦታ ድንገት መብራቱ ይሽከረከራል፣ በድምፅ ማጉያ ለጥቂት ደቂቃ ቅናሽ ነው ይባላል፣ ሰው ጋሪውን ይዞ ይሮጣል። የእኛዎቹ አስፋልት ዳር «በመቶ ብር! በመቶ ብር!» የሚሉት፣ በመብራት መሆኑ ነው።

ከዚያ ኬማርት የመጽሐፍ መደብር ልግዛ፣ የስፖርት ዕቃ ልሽጥ፣ የቢሮ ዕቃ ልያዝ ሲል፣ ዋልማርት ኮምፒውተሩንና የጭነት መኪናውን ያሳምር ነበር። በ2002 ኪሳራ አወጀ። በ2005 ሲርስ ከሚባለው ሌላ አሮጌ መደብር ጋር ተጋባ፤ ሙሽሪትም ሙሽራውም በሽተኞች ነበሩ። በ2018 ሁለቱም አብረው ኪሳራ ገቡ። በአስተዳደር ጥፋት የሞተ ነገር ነው፣ አላዝንለትም ብዬ ነበር የሄድኩት።

የሌይአዌይ ባንኮኒው የለም። ቦታውንም መለየት አልቻልኩም። ይሄ ሕንፃ የእኛ ሰፈሩ ስላልሆነ መለየትም አልነበረብኝም፤ ግን ፈለግኩት። አንድ ሰውዬ «የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «ካፖርት» አልኩት። ልብስ በዚያ በኩል ነው ብሎ አሳየኝ።

ሁለት ፎጣ ገዛሁ፣ ግራጫ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቁልፉን ሳታይ ትመታለች። ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ስሟን ጠርተው ስለ ጉልበቷ ጠየቋት። ወረፋው ቆሟል፣ ማንም አልተናደደም። እኔም አሁን ፎጣ የማዝዘው በስልክ ነው፤ በማግስቱ በር ላይ ይጣላል፤ ስለ ጉልበቴ የሚጠይቀኝ የለም። ጨርቁንም ሳልዳስስ ነው የምገዛው፣ ግማሹን እመልሳለሁ።

በኦክቶበር 20 ተዘጋ። እኔ ያኔ ቤቴ ገብቻለሁ።

ለአክስቴ ፎጣዎቹን ወሰድኩላት። ጠርዙን ገልብጣ ስፌቱን አየች።

«ስንት ነው?»

«ሁለቱ 9 ዶላር።»

«ሳስቷል። ድሮ ወፍራም ነበር።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «እና አሁን አንድም አልቀረም?» አለች።

ማያሚ አንድ ትንሽዬ ቀርታለች አልኳት፤ ደግሞ ጉዋም ደሴትና ቨርጂን ደሴቶች ላይ።

«ማያሚ ሙቅ ነው አሉ» አለች። «ትኬቱ ስንት ነው?»