ውሃ የሌለበት ረግረግ

አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ስቴት ቤት ስገዛ ልቤን የወሰደው ጓሮው ነው። ከሣሩ ማዶ ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሰመር ላይ ጭርሱን የምትደርቅ ቀጭን ጅረት። በኋላ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሆነ። ጉልበቷ ደረጃ አይችልም። ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍልና መታጠቢያ ልቀጥልላት ወሰንኩ።

ስህተቴ ፕላኑን ማስቀደሜ ነው። አሠራሁት፣ ከፈልኩ፣ ይዤ ታውን ሆል፣ የከተማው አስተዳደር ቢሮ፣ ሄድኩ። የዞኒንግ (የት ምን ይሠራል የሚለው ደንብ) ሠራተኛዋ ካርታውን ኮምፒውተሯ ላይ አየችና "ዌትላንድ ኮሚሽን ሄደሃል?" አለችኝ፤ የረግረግ ኮሚሽን ማለቷ ነው። ከአጥሩ ያለውን ርቀት፣ ከፍታውን፣ ሁሉንም አሟልቼ ነበር እኮ! ለካ ዞኒንግ ሌላ፣ ረግረግና ጅረት ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የስቴቱ ሕግ መሠረት ይህን ጉዳይ የሚያየው የየታውኑ የራሱ አካል ነው።

ኮንትራክተር ጓደኛዬ "ጓሮ ነው፣ ማን ያይሃል? ዝም ብለህ ጀምር" አለኝ። ጎረቤቴ መስኮት አለው፣ አልኩት።

ረግረጉ የት እንደሚጀምር የሚለይልኝ የአፈር ባለሙያ ቀጠርኩ። ኦገስት ላይ መጣ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። "ውሃው የታለ?" ብዬ ሳቅሁበት። "እኔ የማየው አፈሩን ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ስቴት ረግረግ የሚለየው በአፈሩ ዓይነት ነው። ውሃው ቶሎ የማይወጣለት ወይም ወንዝ ያመጣው ደለል ከሆነ፣ ላዩ ቢደርቅም ሕጉ ረግረግ ይለዋል። መሰርሰሪያውን ጠምዝዞ አወጣና መዳፌ ላይ አራገፈልኝ። ላዩ ጥቁር፣ ሥሩ አመድማ፣ በአመዱ መሃል የዛገ ሚስማር የነካው የሚመስል ብርቱካናማ ነጠብጣብ። ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣ አፈር ብረቱ ይታጠብና ይገረጣል። አየር ባገኘበት በኩል ደግሞ ይዝጋል። አያቴ ብታየው "ጨፌ ነው" ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር፣ ያውም በነፃ።

የረግረጉን ጠርዝ ተከትሎ ቁጥር የተጻፈባቸው ሮዝ ባንዲራዎች እየተከለ ሄደ። ሰባተኛዋ ልብስ ማስጫዬ ሥር አረፈች።

በእኛ ታውን ኮሚሽኑ ከረግረጉ ጠርዝ እስከ 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ገደማ፣ ድረስ ያለውን ሥራ ያያል። ሌላው ታውን የራሱ ቁጥር አለው፤ የወዳጅ ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ደግሞ 100 ጫማ ማለት አትሥራ ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ አስረዳ ማለት ነው። ይህ የገባኝ ብዙ እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው።

ስብሰባው ማታ ነበር። ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ ለምን ሌላ ቦታ አይሆንም? የተቆፈረው አፈር የት ይከመራል? የጣሪያው ውሃስ ወዴት ይሄዳል? አንዱንም አልመለስኩም። ለቀጣዩ ወር ተላለፈ።

ክፍሉን ወደ ጎን አዞርኩት፣ ድሮም አስፋልት ወደነበረበት። ግን ረግረጉ ከኋላ ሲገፋኝ ዞኒንጉ ከጎን ያዘኝ፤ ከጎረቤት ድንበር መራቅ ያለብኝ ርቀት አልበቃ አለ። ክፍሉን በሁለት ጫማ አጠበብኩት። ደለል የሚያግድ የጨርቅ አጥርና የጣሪያውን ውሃ የሚውጥ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ፕላኑ ላይ አስገባሁ። በሁለተኛው ስብሰባ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

እማዬ ገብታለች። አልጋዋ ትንሽ ጠቧታል፣ መስኮቷ ግን ወደ ጅረቷ ነው። ባንዲራዎቹን ፀሐይ በልቷቸው ነጭ ሆነዋል። በየቦታቸው የእንጨት ችካል ተክያለሁ፣ ሣር የሚያጭደው ልጅ ከዚያ እንዳያልፍ። ልብስ ማስጫውንም አነሳሁት።