የ«ታንኳ» የመጨረሻ ፊደል

ባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ለሠልጣኞቼ በሲ ቋንቋ የጻፍሁትን የምስጢር ጽሑፍ ፕሮግራም ሰጠኋቸው፤ ዘዴው ዩልዮስ ቄሣር ይጠቀምበት ነበር የሚባለው፣ እያንዳንዱን ፊደል በ3 ቦታ ወደፊት የሚገፋው ነው። በእንግሊዝኛ ቃላት ደጋግሜ ስለሞከርሁት ተማምኜበት ነበር።

አንዲት ሠልጣኝ «ጣና» ብላ ብታስገባ ግን ስክሪኑ ላይ የቻይንኛ ፊደላት መጡ። «መምህር፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ስትለኝ ኮዱን እንኳ ሳልከፍት «የአማርኛ ፎንት በትክክል አልተጫነ ይሆናል» አልኋት። እሷም አምናኝ ፎንት ስታወርድና ስትጭን አንድ ሙሉ ሰዓት አባከነች። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሠልጣኝ የመምህርን ግምት እንደ እውነት ይዞ ስለሚሄድ፣ ጥፋቱን እኔ ሠርቼው እሷ በራሷ ላይ ስትፈልገው አመሸች።

በመጨረሻ የስትሪንጉን (የገባውን ጽሑፍ) ርዝመት የሚያሳይ አንድ መስመር ጨመርሁ። «ጣና» ሁለት ፊደል ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ 6 አለ። ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (ትንንሽ የማኅደረ ትውስታ ክፍሎች) ይይዛል፤ የእኔ ኮድ ግን አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ በእያንዳንዱ ላይ 3 ሲደምርበት፣ ውጤቱ ለቻይንኛ ፊደላት በተመደበው ክልል ውስጥ ይወድቅ ነበር።

ባይቶቹን አሰባስበን በሙሉ ፊደል ደረጃ ስንገፋ «ጣና» «ጦኖ»፣ «ባሕር ዳር» ደግሞ «ቦመሰ ዶሰ» ሆነ። አለቀ ብዬ ስነሣ ልጅቱ «ታንኳ» ብላ ጻፈች፤ «ቶኘ» እና አንድ ባዶ ሳጥን ወጣ። ለየፊደሉ የኮድ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ የተያዘ ሲሆን፣ የ«ኰ» ቤት ዲቃላዎች ግን 5 ብቻ በመሆናቸው በመካከላቸውና ከ«ኵ» ቀጥሎ ፊደል የሌለባቸው ቦታዎች አሉ፤ «ኳ» በ3 ሲገፋ የሚያርፈው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። «ጎርጎራ»ን ብንሞክር ሁለቱም «ጎ» እንዲሁ ሳጥን ሆኑ።

ስለዚህ በኮድ ቁጥር መግፋቱን ትተን፣ 231ዱን ዋና ፊደላትና ዲቃላዎቹን ያለ ክፍተት በተርታ የያዘ የራሳችንን ሰንጠረዥ ሠራን፤ መጨረሻው ሲደርስ ወደ «ሀ» ይዞራል። መፍቻው ላይ አንድ ነገር ቀረን፦ በሰንጠረዡ ላይ የምንዞረው በርዝመቱ አካፍለን ቀሪውን በመውሰድ ነው፤ በሲ ግን የአሉታዊ ቁጥር ቀሪ አሉታዊ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ከ«ሀ» ላይ 3 ሲቀነስ ከሰንጠረዡ ውጭ እንዳይነበብ አስቀድሞ የሰንጠረዡን ርዝመት መደመር ያስፈልጋል።

ልጅቱ «ታንኳ»ን ደብቃ መልሳ ስትፈታው ሦስቱም ፊደላት በየቦታቸው ተገኙ። በማግስቱ ማታ ክፍል እንደገባሁ፣ ስለ ፎንቱ የተናገርሁት ስሕተት እንደነበረና ጥፋቱ የእኔ ኮድ እንደሆነ ለሁሉም ነገርኋቸው።